ከምሳ በፊት የተነገረው ትንበያ ከዘር በፊት ማሳ ይድረስ

በጋ፣ በልግ ወይም ክረምት ሊገባ ሲል የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ያለፈውን ወቅት ገምግሞ የመጪውን የአየር ጠባይ አዝማሚያ ይፋ ያደርጋል። የምሥራቅ አፍሪካ ባለሙያዎችም ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በየወቅቱ እየተገናኙ ለቀጠናው የጋራ ትንበያ ያዘጋጃሉ። በእነዚህና በመሰል መድረኮች ላይ የአየር ትንበያና የጠፈር ሳይንስ ተቋማት መሪዎች ንግግር ያደርጋሉ። የፓስፊክ ውቅያኖስ ሙቀት ይብራራል፤ ከሳተላይት የተገኘ ምስል ይታያል፤ አገሪቱ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቡናማ ቀለም የተከፋፈለችበት ካርታ ይቀርባል። ጥቂት ጥያቄና መልስ ይደረግና የምሳ ሰዓት ይደርሳል። ተሳታፊውም ምሳውን በልቶ፣ ሰነዱን በቦርሳው ይዞ ወደመጣበት ይመለሳል።

የሚነገረው ነገር ዋጋ ያለው ስለመሆኑ ክርክር አያስፈልግም። ዋናው ጥያቄ ከምሳው በኋላ ያለው ነው። ያ ሰነድ ከቦርሳ ወጥቶ የዲገሉና ጢጆ ወይም የሌሙና ቢልቢሎ አርሶ አደር ማሳውን ከማረሱና ዘሩን ከመምረጡ በፊት ይደርሰዋል? ሲደርሰውስ ሊሠራበት በሚችል ቋንቋ ነው? ትንበያ አገልግሎት ሆነ የሚባለው በወረዳና በቀበሌ ደረጃ ወደ ውሳኔ ሲቀየር ብቻ ነው። እስከዚያ ድረስ ጥሩ ንግግር ሆኖ ይቀራል።

የአርሲ ደጋ ለዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ ሊቆረቆር የሚገባው አካባቢ ነው። ከአሰላ አጠገብ የሚገኘው የቁሉምሳ ግብርና ምርምር ማዕከል በስንዴ ምርምር አንጋፋ ነው፤ በ1960 ዓ.ም. አካባቢ የተጀመረው ካዱ በሚል ስም የሚታወቀው የጭላሎ የግብርና ልማት ፕሮግራምም ምርጥ ዘርና ማዳበሪያን ለአካባቢው አርሶ አደር ያስተዋወቀ ነበር። ዛሬ ኮምባይነር በኪራይ ማሳ ለማሳ የሚዞርበት፣ የቢራ ገብስ ለአሰላ ብቅል ፋብሪካ የሚቀርብበት አካባቢ ነው። ይህ ሁሉ ከሰማይ ጋር የተሳሰረ ነው። ኮምባይነር የረጠበ ማሳ ውስጥ አይገባም። በደረሰ ገብስ ላይ ዝናብ ደጋግሞ ከጣለ ፍሬው በዛላው ላይ እንዳለ ይበቅላል፤ እንዲህ ዓይነቱን ገብስ ደግሞ የብቅል ፋብሪካ አይፈልገውም። ዩሪያ ተበትኖ ዝናቡ ለቀናት ከጠፋ ገንዘቡ ማሳው ላይ እንደተበተነ ይቀራል። ፀረ ፈንገስ ኬሚካል ተረጭቶ ወዲያው ዶፍ ከወረደም ድካሙ ከንቱ ነው።

ከሁሉም በላይ ትምህርት የሚሆነው የዋግ ታሪክ ነው። በ2002 ዓ.ም. ክረምትና እሱን ተከትሎ በመጣው መኸር ቢጫ ዋግ በሰፊው ይዘሩ የነበሩትን ኩብሳና ገለማ የተባሉ የስንዴ ዝርያዎች ክፉኛ መታ። ከዚያ በኋላ ብዙ አርሶ አደር ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2006 ዓ.ም. መግቢያ ወራት፣ ዲገሉ ራሱ በባሌና በአርሲ በግንድ ዋግ ተጠቃ። ዝርያ መቀየር ብቻውን እንደማይበቃ ሁለቱ ዘመናት አሳይተዋል።

ዋግ የአየር ጠባይ በሽታም ነው። ዱቄት የሚመስለው ዘሩ በነፋስ ከወረዳ ወረዳ፣ ከአገር አገር ይጓዛል። በስንዴው ላይ ለሰዓታት የሚቆይ ጤዛ ወይም እርጥበት ሲያገኝ ይበቅላል። ቢጫ ዋግ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይመቸዋል፤ የግንድ ዋግ ደግሞ ሞቅ ያለውን ይወዳል። በሽታው ከያዘው በኋላ ምልክቱ እስኪታይ ድረስ እስከ ሁለት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ቢጫውን ዱቄት በዓይኑ ባየ ጊዜ በሽታው ማሳው ውስጥ ሰንብቷል ማለት ነው። ያን ጊዜ የሚመጣ ማስጠንቀቂያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

ይህንን ክፍተት ለመድፈን የሚያስችል ሥርዓት በአገራችን ተዘርግቷል። የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ምርምር ማዕከል ሲሚት፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታኒያ የሚቲዎሮሎጂ አገልግሎት በጋራ በሠሩት የስንዴ ዋግ ቅድመ ማስጠንቀቂያ፣ ባለሙያዎች ከማሳ የሚሰበስቡት መረጃ ከነፋስና ከእርጥበት ትንበያ ጋር ይዳመራል። ዋጉ በመጪዎቹ ቀናት ወዴት ሊነፍስ፣ የት ሊይዝ እንደሚችል ይሰላል። በአዳራሽ የሚነገረው ሳይንስ ለስንዴ ገበሬ ምን እንደሚጠቅም ከዚህ የተሻለ ማሳያ የለም። ሆኖም ማስጠንቀቂያው ቀበሌ ሲደርስ ኬሚካሉ በማኅበሩ መጋዘን ከሌለ፣ መርጫ መሣሪያውም ተበላሽቶ ከተቀመጠ፣ ስሌቱ ምንም ቢረቅ ስንዴውን አያድነውም።

ስለ ሳተላይትም የጠራ ግንዛቤ ሊኖር ይገባል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት ብዙዎችን አኩርታለች። የእርሷ ተግባር ግን መሬትን፣ ሰብልን፣ ደንንና ውኃን ከላይ መመልከት ነበር። በየቀኑ የደመናን ጉዞ የሚያሳዩት ሌሎች ናቸው፤ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሆነው አፍሪካን ያለማቋረጥ የሚቃኙት የሜትዮሳት ሳተላይቶች በየ15 ደቂቃው ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ምስል ይልካሉ። ባለሙያዎቹም የደመናው አናት ምን ያህል እንደቀዘቀዘ አይተው የዝናቡን መጠን ይገምታሉ።

እዚህ ላይ የተራራማ አካባቢ ችግር ይመጣል። እንደ ጭላሎና ገለማ ባሉ ተራሮች ላይ ዝናብ የሚጥለው ደመና ሁልጊዜ ረጅምና እጅግ የቀዘቀዘ አይደለም። ነፋስ ተራራውን ታክኮ ሲወጣ የሚፈጠረው ዝቅ ያለ ደመናም ያዘንባል፤ ሳተላይት ግን ይህንን ዝናብ አሳንሶ ሊገምተው ይችላል። ለዚህ ነው የሚቲዎሮሎጂ ባለሙያዎች የሳተላይቱን ግምት በየጣቢያው ከተለካው ዝናብ ጋር እያዋሐዱ የሚጠቀሙት። በየጠዋቱ 3 ሰዓት የዝናብ መለኪያውን አይቶ የሚመዘግብ አንድ የቀበሌ ሰው ለዚህ ሥራ ያለው ድርሻ ቀላል አይደለም። ወረዳው መረጃ ተቀባይ ብቻ ሳይሆን ሰጪም ነው። መለኪያው ከተሰበረ፣ መዝገቡ ከተቋረጠ ወይም በግምት ከተሞላ፣ በሚቀጥለው መድረክ የሚቀርበው ካርታ ለዚያ ቀበሌ ያለው ታማኝነት ይቀንሳል።

ሌላው ሊታረም የሚገባው ነገር ትንበያው ከላይ ወደ ታች ሲወርድ የሚደርስበት መሸራረፍ ነው። የወቅት ትንበያ የሚነገረው በዕድል መጠን ነው። ለምሳሌ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ የመሆን ዕድሉ 45፣ መደበኛ የመሆኑ 35፣ ከመደበኛ በታች የመሆኑ 20 በመቶ ነው ሊባል ይችላል። ይህ መልእክት በዞን ስብሰባ “ከመደበኛ በላይ ይዘንባል” ይሆናል፤ በወረዳ “ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው” ይባላል፤ ቀበሌ ሲደርስ “ጥሩ ነው” የሚለው ብቻ ይቀራል። 20 በመቶ ማለት ግን ከአምስት አንድ ነው። በሬውን ሽጦ ማዳበሪያ ለሚገዛ ገበሬ ከአምስት አንድ የሆነ ከመደበኛ በታች ዝናብ የመጣል ዕድል የሚናቅ አይደለም። ደግሞም ጠቅላላ መጠኑ ከመደበኛ በላይ የሆነ ክረምት ስንዴው በሚያብብበት ጊዜ ለአሥር ቀን ሊቋረጥ ይችላል። በመረሬ አፈር ላይ ለሚያርስ ሰውም “ብዙ ዝናብ” የሚለው ዜና ውኃ የሚያጠነፍፍ ቦይ አስቀድሞ ማውጣት ይገባል ማለት እንጂ መልካም ምኞት አይደለም።

አንድ ዓይነት ምክር ለሁሉም እንደማይሠራም መታወቅ አለበት። ወደ ስምጥ ሸለቆው ዝቅ ያለው ዶዶታና 2 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችው በቆጂ በአንድ ዞን ቢሆኑም አንድ ሰማይ የላቸውም። በአንዱ የሚያሰጋው የዝናብ እጥረት ሲሆን በሌላው ውርጭና የውኃ መተኛት ነው። ኤል ኒኞ በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በአገሪቱ ባስከተለው ድርቅ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ለእርዳታ በተዳረገበት ጊዜም ጉዳቱ በሁሉም ቦታ እኩል አልነበረም።

“ገበሬው ትንበያ አያምንም” የሚል መከራከሪያ ይሰማል። ገበሬው ግን ሲተነብይ የኖረ ነው፤ የደመናውን አመጣጥ፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የተራራውን ጉም አይቶ ይወስናል። እምነት የሚያጣው ትንበያው ሲስት ማንም ቀርቦ ስለማያስረዳው ነው። “የወረዳ ባለሙያ ብዙ ሥራ አለበት፤ በጀትም የለም” የሚለው ሌላው መከራከሪያ እውነትነት አለው። ነገር ግን አንድ ገጽ መጻፍ፣ አንድ መዝገብ መያዝና በገበያ ቀን አሥር ደቂቃ መናገር አዲስ በጀት የሚጠይቅ አይደለም።

ስለዚህ የሚከተሉት ቢደረጉ ይበጃል። አንደኛ፣ ከመድረክ የተመለሰ የወረዳ ኃላፊ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከባለሙያዎቹ ጋር ተቀምጦ ትንበያውን ለደጋው፣ ለወይና ደጋውና ለቆላው ለየብቻ ወደ ምክር ይለውጥ፤ መቼ ይዘራ፣ የትኛው ዝርያ ይሻላል፣ ቦዩ የት ይውጣ የሚለው ሦስቱም ዕድሎች ሳይሸራረፉ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ። በገበያ፣ በእድር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን ይነገር። ሁለተኛ፣ የወቅቱ ትንበያ አንዴ ተነግሮ የሚያበቃ እንዳልሆነ ታውቆ፣ በየአሥር ቀኑ የሚወጣው የግብርና ሚቲዎሮሎጂ መረጃ በልማት ጣቢያ ሠራተኞች በኩል ይተላለፍ፤ 8028 የስልክ መስመርም አርሶ አደሩ በእጁ ያለ መሣሪያ ስለሆነ ይበልጥ ይተዋወቅ። ሦስተኛ፣ የዋግ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ኬሚካልና መርጫ ይዞ የሚንቀሳቀስ ማን እንደሆነ ከክረምቱ በፊት ይወሰን። አራተኛ፣ እያንዳንዱ የዝናብ መለኪያ ኃላፊና ተተኪ ይኑረው። አምስተኛ፣ አዝመራው ሲሰበሰብ ምን ተብሎ ነበር፣ ምንስ ሆነ የሚለው በገበሬው ፊት በግልጽ ይገምገም።

ተናጋሪዎቹንም ወደ ማሳው ማቅረብ ይቻላል። የሚቲዎሮሎጂና የጠፈር ሳይንስ መሪዎች በዓመት አንድ ቀን በአንድ የገበሬ ማሰልጠኛ ማዕከል ቢገኙ፣ ምሳውም የአርሲ ጭኮ ቢሆን፣ አዳራሽ ውስጥ የማይነሱ ጥያቄዎች ይነሱላቸዋል። “ዝናቡ የሚገባው ስንት ቀን ነው?”፣ “ኮምባይነሩን ለየትኛው ሳምንት ልከራይ?” የሚል ሰው ያገኛሉ። ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ ሳይንሱ የት ድረስ እንደሚያውቅና የት ላይ እንደሚቆም ለሁለቱም ወገን ያሳያል።

የሚቀጥለው መድረክ ሲጠራ ከየወረዳው የሚሄደው ኃላፊ ሁለት ነገር ይዞ ቢሄድ መልካም ነው፤ የወረዳውን የዝናብ መዝገብና ያለፈው ትንበያ በስንት ቀበሌ ምን እንዳስወሰነ የሚገልጽ አጭር ሪፖርት። የንግግሩ ጥቅም የሚለካው በዚያ ሪፖርት ነው።