«ባዶ መሬት» ያለው ማን ነው?

የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ነው ይላል። ይሸጥ ወይስ አይሸጥ እያልን ዓመታት ተከራክረናል። እኔን ግን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ጥያቄ ነው። መንግሥት በእጁ ያለውን መሬት «ይህ ይልማ፣ ያኛው ይጠበቅ» ብሎ ሲመድብ፣ የሚመድበው በምን መስፈርትና ማንን ጠይቆ ነው?

ጋምቤላን እንመልከት። ብሔራዊ ፓርኩ በ1966 ዓ.ም. ቢቋቋምም፣ ወሰኑ በሕግ ሳይጸና አሥርት ዓመታት አለፉ። ሰፋፊ መሬት ለባለሀብቶች መስጠት ሲጀመር፣ ለእርሻ የተመደበው ከፓርኩ ክልል ጋር ተደራረበ። ካሩቱሪ የተባለው የህንድ ኩባንያ ለ100 ሺህ ሄክታር ተዋዋለ። በ2008 ዓ.ም. ውሉ ሲቋረጥ፣ መንግሥት ራሱ እንደገለጸው የለማው 1,200 ሄክታር ብቻ ነበር። ልማቱም አልተገኘ፤ ጥበቃውም አልጸና።

በእኔ እምነት ስሕተቱ የተሠራው ባለሀብቱ ከመምጣቱ በፊት፣ መሬቱ «ጥቅም ላይ ያልዋለ» ተብሎ በተመዘገበ ጊዜ ነው። ባሮ ሲሞላ ወደ ከፍታው የሚወጣው፣ ሲጎድል ወደ ወንዙ ዳር የሚመለሰው የኑዌር ከብት አርቢ በየዓመቱ ይጠቀምበታል። ማሳውን አሳርፎ ወደ ሌላው የሚዛወረው የአኙዋክ ገበሬም እንዲሁ። በጋምቤላና በደቡብ ሱዳኑ ቦማ መካከል የሚመላለሰው የነጭ ጆሮ ቆርኬ መንጋም ወቅቱን ጠብቆ ይመጣል። መንጋው በሌለበት ወር የደረሰ ቀያሽ ግን «ባዶ» ብሎ ጽፎ ይመለሳል።

«የተራበ ሕዝብ ይዘን ለቆርኬ መሬት እንተው ወይ?» የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እኔም ልማትን አልቃወምም። የምቃወመው ቅደም ተከተሉን ነው። የፓርኩና የግጦሹ ወሰን አስቀድሞ ከተከለለ፣ የተረፈውን ለእርሻ ያለ ሥጋት መስጠት ይቻላል፤ ባለሀብቱም ነገ ክርክር የማይነሣበት መሬት ያገኛል።

እንግዲህ መሬቱ በክረምትም በበጋም ይጠና። ምድቡ ከመጽደቁ በፊት ካርታው በየቀበሌው ይታይ፤ ነዋሪው በቋንቋው ይጠየቅ። የጸናው ወሰን በነጋሪት ጋዜጣ ይውጣ፤ የሚለወጠውም በአንድ ባለሥልጣን ደብዳቤ ሳይሆን በሕግ ይሁን።

መሬት ሁለት ባለቤቶች አሉት ብለን ጽፈናል። አንደኛው ሳይጠየቅ ሌላው ብቻውን የሚመድበው ከሆነ ግን፣ የጻፍነውን ራሳችን አላመንበትም ማለት ነው።