ዋዛን በዋዛ

ለመሆኑ «ትዝታ» ስንት ጊዜ ጃዝ ሊሆን ነው? ጥያቄዬ የክፋት እንዳይመስል አስቀድሜ ልናገር፤ የግሩም መዝሙር አዲስ አኮስቲክ ፕሮጀክት የድሮዎቹን ዘፈኖች በአኮርዲዮንና በማንዶሊን ነፍስ ሲዘራባቸው ከሚያጨበጭቡት አንዱ ነኝ። የግርማ በየነን «ሙዚቃዊ ስልት»ም ዋልያስ ባንድ እ.ኤ.አ. በ1977 ካስቀረጸው ወዲህ ስንቱ ባንድ፣ የባሕር ማዶው ሳይቀር፣ እንደገና ሲጫወተው ሰምቼ አልጠገብኩም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ሃያ ሠላሳ ዘፈን ደጋግመን እያደስን «የኢትዮጵያ ጃዝ ይኸውላችሁ» ስንል፣ ኢትዮጵያ ያልነው ከፒያሳ እስከ ቦሌ ያለውን ብቻ መሆኑ ነው።

አሜሪካኖቹ «ስታንዳርድ» የሚሉት ሙዚቀኛው ሁሉ በቃሉ የሚያውቀውን፣ አድማጩም በጆሮው የለመደውን ዘፈን ነው። ጆን ኮልትሬን «ማይ ፌቨሪት ቲንግስ»ን እ.ኤ.አ. በ1960 ሲቀርጸው ዜማው ብሮድዌይ መድረክ ላይ ከተሰማ ዓመት አልሞላውም ነበር። የሕፃናት ማባበያ የመሰለውን ዘፈን በሶፕራኖ ሳክስፎን ወደ 14 ደቂቃ ለጠጠው። አድማጩ ግን አልጠፋበትም፤ መነሻውን ስለሚያውቅ ምኑ እንደተለወጠ ይሰማዋል። አሁን ወደ አሶሳ እንምጣ። መነሻውን ማን ያውቀዋል?

የበርታ ሕዝብ ዋዛ የሚባል የትንፋሽ መሣሪያ አለው። (አማርኛችን ቃሉን ለቀልድ ማዋሉ የበርታዎች ጥፋት አይደለም።) ቅሎች ጫፍ ለጫፍ ተሰካክተው የሚሠሩ ረጃጅም መለከቶች ናቸው፤ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ይነፋቸዋል። ቁም ነገሩ እያንዳንዱ ዋዛ የራሱ አንድ ድምፅ ብቻ ያለው መሆኑ ነው። ዜማውን ለብቻው የሚይዝ ሰው የለም፤ አንዱ ሲነፋ ሌላው ይጠብቃል፣ ሲያበቃ ይቀበለዋል፣ ዜማው ከሰው ወደ ሰው እየዘለለ ይሄዳል። አንድ ነፊ ታሞ ቢቀር ዜማው ጥርሱ እንደወለቀ አፍ ይሆናል። አሶሳ ቆሜ ስሰማው ዓይኔ ነፊውን ሲፈልግ ድምፁ ሌላው ዘንድ ደርሶ ነበር።

ዱክ ኤሊንግተን እ.ኤ.አ. በ1973 አዲስ አበባ መጥቶ ከንጉሠ ነገሥቱ ኒሻን ተቀብሎ፣ ሙላቱ አስታጥቄም አብሮት ተጫውቶ ነበር። ኤሊንግተን የሚታወቀው ለመለከቱ ሳይሆን መለከቱን ለሚነፋው ሰው በመጻፉ ነው። የዋዛን ሰልፍ ቢያሳዩት ኖሮ ዘመዱን ያገኘ ይመስለው ነበር እላለሁ። ሙላቱም ቢሆን የደቡቦቹ የደራሼ የቀርከሃ ነፊዎች የጃዝ ሊቃውንት የደረሱበትን ቀድመው እንደደረሱበት ደጋግሞ ተናግሯል። አብዛኞቹ ተከታዮቹ ንግግሩን ወስደው መንገዱን ተዉት።

«ቅኝቱ ለእኛ ጆሮ ይከብዳል» ይሉኛል። እኛ ማነን? የኮልትሬንን 14 ደቂቃ የቻለ ጆሮ በርታዎች ላይ ሲደርስ የሚደክመው ምን ነክቶት ነው? «ባህሉ ይበረዛል» ለሚሉትም ኮልትሬን የብሮድዌዩን ዘፈን አላጠፋውም፤ ዛሬም እንደነበረ ይዘፈናል። ከሁሉ የሚብሱት ግን «ድምፁን በኪቦርድ እናስገባዋለን» የሚሉት ናቸው። አሥራ ሁለት ሰው ተጠባብቆ የሚያወጣውን አንድ ሰው በአሥር ጣቱ ሲጫነው መጠባበቁ ይጠፋል። መጠባበቁ ከጠፋ ምን ቀረ? አድማጩም መነሻውን አያውቅምና የተወሰደውን አይለይም፤ «እንግዳ ድምፅ» ብሎ አጨብጭቦ ይወጣል።

ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ ወርቁንና እብነ በረዱን ወስደናል፤ ከጉባው ግድብ የሚመነጨው ኃይልም እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ወደ አገሪቱ መስመር ይገባል፤ የክበቦቻችንም አምፕሊፋየር ከዚያው ይጮሃል። ዋዛን ግን ከተማው የሚያየው ኅዳር 29 ቀን፣ በቴሌቪዥን፣ ለደቂቃ ብልጭ ሲል ነው። ስለዚህ የጃዝ ሰዎቻችን አሶሳን «ከመተርጎማቸው» በፊት አንድ ሙሉ የዋዛ ካሴት፣ ሲዲም ይሁን ሌላ፣ ያለ ጊታርና ያለ ኪቦርድ ይውጣ፤ የነፊዎቹ ስም አንድ በአንድ ሽፋኑ ላይ ይጻፍ፤ ይከፈላቸውም። ከዚያ በኋላ የፈለገ ሳክስፎኑን ይዞ ይምጣ፤ መጀመሪያ ቲኬት የምቆርጠው እኔ ነኝ።