የጌም ኮምፒውተር በውስን ገንዘብ፦ ምርጫው ከሶኬቱ ይጀምራል



እንደሚታወቀው በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ ብዙ ወጣቶች ጌም የለመዱት በፕሌይስቴሽን ቤት ነው። በየጨዋታው የሚከፈለው ገንዘብ ሲጠራቀም ቀላል አለመሆኑን የተረዱ ልጆች ታዲያ «በዚህ ላይ ቤተሰብ ጥቂት ቢጨምርልን የራሳችንን ኮምፒውተር ገጣጥመን እንጫወትበት፣ እንማርበትም ነበር» ይላሉ። ወላጆች በበኩላቸው የሚጠየቀው ገንዘብ የዓመት የበርበሬ ወይም የበቆሎ ሽያጭ በመሆኑ፣ ለመጫወቻ ወጥቶ በሦስተኛው ወር ቢቃጠልስ ብለው ይሰጋሉ። ሁለቱም ወገኖች እውነት አላቸው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኮምፒውተር መሰጠት በመጀመሩ ኮምፒውተር መልመድ ቅንጦት አይደለም። ስጋቱም ቢሆን መሠረት አለው። በመሆኑም በዛሬው ዝግጅታችን የልጁን ፍላጎትና የወላጁን ስጋት ሊያስታርቅ የሚችለውን የአመራረጥ መንገድ እናያለን።

በመጀመሪያ ዋጋውን እንመልከት። የኮምፒውተር ዕቃ ሁሉ በውጭ ምንዛሪ የሚገባ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በዚህ ላይ ከ2018 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ማዕከላት የሜሞሪ ምርትን በብዛት በመሻማታቸው የሜሞሪ ዋጋ በዓለም ገበያ አሻቅቧል። ስለዚህ ሁሉንም ዕቃ አዲስ ገዝቶ መገጣጠም ለብዙው ቤተሰብ አይሞከርም። የሚያዋጣው በመሥሪያ ቤት ያገለገለ የዴል ወይም የኤችፒ ኮምፒውተር ገዝቶ ግራፊክስ ካርድ መጨመር ነው።

ይሁን እንጂ ወጣቶቻችን ምርጫውን ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ከካርዱ ነው። እኛ ግን መጀመር ያለበት ከሶኬቱ ነው እንላለን። ምክንያቱም በአካባቢያችን መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፤ ሲመጣም አንዳንዴ ከልክ በላይ፣ አንዳንዴም እጅግ ደክሞ ይመጣል። አዲስ አበባ ያለ ሰው የተቃጠለ ዕቃ ይዞ በማግስቱ ወደ ሻጩ ይመለሳል። ፍኖተ ሰላም ያለው ግን ከ380 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተፈጠረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሳምንታት የሚቆጠር መሆኑን አይተናል።

ኮረንቲውን ተቀብሎ ለሌሎቹ የሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ነው። በላዩ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብቡ። «100–240» ቮልት የሚል ከሆነ የደከመ መብራትንም ይችላል፤ «200–240» ብቻ የሚል ከሆነ ግን መብራት ሲወርድ ኮምፒውተሩ ይጠፋል። በአንዳንድ አሮጌዎቹ ጀርባ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ ቀይ ማብሪያ አለ። ዕቃው ከአሜሪካ የመጣ ከሆነና ማብሪያው 115 ላይ እንዳለ በእኛ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ በዚያችው ቅጽበት ይቃጠላል። አዲስ ፓወር ሰፕላይ የምትገዙ ከሆነ «80 ፕላስ» የሚል ምልክት ያለውን ምረጡ። ምልክቱ ዕቃው ከሚቀበለው ኃይል ቢያንስ ሰማንያ በመቶውን በጥቅም ላይ እንደሚያውል የተፈተነ መሆኑን ያሳያል። ከዚህ ቀጥሎ ስታቢላይዘር፣ አቅም ከፈቀደም ዩፒኤስ ያስፈልጋል። ዩፒኤስ የሚሰጠው ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም ሥራን አስቀምጦ በሥርዓት ለመዝጋት ይበቃል። መብራት በሄደ ጊዜም ሶኬቱን ነቅሎ፣ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ ምንም ወጪ የሌለው መከላከያ ነው።

እንግዲህ በእጃችን መቶ ብር አለ ብለን እናስብና እንደልካችን እናባዛው። 45ቱን ለኮምፒውተሩ፣ 30ውን ለግራፊክስ ካርዱ፣ 15ቱን ለመብራት መከላከያ፣ 10ሩን ለመጠባበቂያ እንመድባለን። ለስክሪን ገንዘብ ካልተረፈ ኤችዲኤምአይ ያለው የቤቱ ቴሌቪዥን ያገለግላል። ይህም ኮምፒውተሩ ከጓዳ ወጥቶ ሳሎን እንዲቀመጥ ስለሚያደርግ ልጁ ምን እንደሚጫወትና ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ወላጅ ያያል።

ኮምፒውተሩ ሲመረጥ የፕሮሰሰሩን ትውልድ እንይ። «አይ5-8500» ከተባለ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለው 8 ስምንተኛው ትውልድ መሆኑን ያመለክታል። ይህ ትውልድ በ2010 ዓ.ም. መግቢያ የወጣ ሲሆን አይ5-8500 ስድስት ኮር አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። ስለዚህ ርካሽ የሆነውን አራተኛ ትውልድ ከመግዛት ጥቂት ጨምሮ ስምንተኛውን መያዝ ይሻላል። ሳጥኑም ወፍራሙ ይሁን። በቀጭኑ ሳጥን ውስጥ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድ አይገባም።

የእነዚህ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ፓወር ሰፕላይ ብዙውን ጊዜ ከ260 ዋት አይበልጥም፤ አገጣጠሙም የተለየ ስለሆነ በሌላ መቀየር ያስቸግራል። ስለሆነም የሚስማማቸው ካርድ ኃይሉን ከማዘርቦርዱ ብቻ የሚወስድ፣ ከ75 ዋት የማይበልጥ ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና ጂቲኤክስ 1650 በዚህ ይመደባሉ፤ ሁለቱም በተለመደው ዓይነታቸው 4 ጊጋ ባይት ሜሞሪ አላቸው። ከ1650ዎቹ መካከል ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቁ ስላሉ አይቶ መግዛት ያሻል። ዋጋቸው ከተቀራረበ 1650ው ይመረጥ፤ ኒቪዲያ ለ1050 ቲአይ ትውልድ የሚያወጣውን አዲስ የጌም ድራይቨር በ2018 ዓ.ም. መግቢያ አቁሞ የደህንነት ማሻሻያ ብቻ አስቀርቷልና።

አዲስ መገጣጠም ለሚችሉ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። በ2013 ዓ.ም. የወጣው ራይዘን 5 5600ጂ ግራፊክሱ በውስጡ ስላለ ለጊዜው ካርድ አያስፈልገውም፤ ካርዱ ገንዘብ ሲገኝ ይጨመራል። ግራፊክሱ የሚጠቀመው የኮምፒውተሩን ሜሞሪ በመሆኑ ግን አንድ ባለ 16 ከመግዛት ሁለት ባለ 8 ጊጋ ባይት መሰካት ፍጥነቱን በግልጽ ይጨምራል። በሁለቱም መንገድ ዊንዶውሱ የሚጫነው በኤስኤስዲ ላይ ይሁን።

ያገለገለ ዕቃ ገበያ ማታለል አያጣውም። አሮጌ ካርድ ውስጡ ተቀይሮ «1050 ቲአይ ነኝ» እንዲል የሚደረግበት ጊዜ አለ። ጂፒዩ-ዚ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በወጡት እትሞቹ እንዲህ ያለውን የኒቪዲያ ካርድ «ሐሰተኛ» ብሎ በስሙ ፊት ይጽፍበታል። በፍላሽ ይዛችሁት ሂዱ። የኢቴሬም ዲጂታል ገንዘብ ማዕድን ማውጣት በመስከረም 2015 ዓ.ም. ሲቆም ቀን ከሌሊት ሲሠሩ የነበሩ ካርዶች በዓለም ገበያ ፈስሰዋል። ስለዚህ ማራገቢያው ሲዞር ድምፁን አዳምጡ፤ ሻጩ ባለበትም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ጌም አጫውቱ።

ከሁሉም በላይ የመመለሻ ቀን ተቀጥሮ በጽሑፍ ይያዝ። ይህ በእስልምና የንግድ ሕግ «ኺያር አሽ-ሸርጥ» በመባል የታወቀ ነው፤ ገዢ ዕቃውን ፈትኖ ውሉን የማጽደቅ ወይም የማፍረስ መብቱን በስምምነት ያስጠብቃል። ብዙ የሕግ ሊቃውንት ለዚህ ሦስት ቀን ወስነዋል። ነውሩን የሚያውቅ ሻጭም ሳይጠየቅ ሊናገር ይገባዋል።

ጌሙም ቢሆን ኢንተርኔት የማይጠይቀው ይመረጥ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ የሞባይል ኢንተርኔት በክልላችን ተቋርጦ ለብዙ ወራት መቆየቱ ይታወሳል። በየጊዜው ካልተገናኘ የማይከፈት ጌም ያን ጊዜ ከጌጥነት አያልፍም።

በጃቢ ጠህናንና በወንበርማ ገጠር ቀበሌዎች በሶላር ለሚኖሩ ወንድሞችና እህቶች ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የጌም ኮምፒውተር ከነስክሪኑ 200 ዋት ቢወስድ በሦስት ሰዓት 600 ዋት-ሰዓት ይበላል። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር-ሰዓት ባትሪ የሚይዘው 1,200 ዋት-ሰዓት ሲሆን፣ የእርሳስ ባትሪ እንዳይጎዳ ከግማሹ በላይ ባይወጣለት ይመረጣል። አንድ ምሽት ጌም ማለት እንግዲህ የቤቱ መብራትና የስልኩ ቻርጅ ሁሉ ማለት ነው። ለእነዚህ ቤተሰቦች ያገለገለ ላፕቶፕ የተሻለ ምርጫ ነው።

ውድ ወጣቶች፣ ወላጆቻችሁን ስትጠይቁ «ይህን ካርድ ግዙልኝ» ከማለት ይልቅ ሒሳቡን በወረቀት አስፍራችሁ፣ መከላከያውንና መጠባበቂያውን ጨምራችሁ አቅርቡ። ወላጆችም ወረቀቱን አብራችሁ ተመልከቱ። ዕቃውን እንዴት ከቃጠሎ እንደሚጠብቀው በዝርዝር ያሰበ ልጅ የበርበሬውን ገንዘብ ክብደት የተረዳ ልጅ ነው።