አሻራችሁ ስትራስቡርግ ነው፦ «አውሮፓ ወሰነች» ሲባል የወሰነው የትኛው ሕንፃ ነው?

አዲስ አበባ ላይ ለሸንገን ቪዛ አመልክቶ የሚያውቅ ሰው ሂደቱን ያውቀዋል። ፎርም ይሞላል፣ የባንክ ስቴትመንት ይያያዛል፣ ከዛ አሥሩም ጣት መስታወቷ ላይ ይጫናል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ግን ያ አሻራ የት እንደሚሄድ ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን?

የሚሄደው ስትራስቡርግ ወደምትባል የፈረንሳይ ከተማ ነው። ያመለከታችሁት ለጣሊያን ይሁን ለጀርመን ወይም ለስዊድን፣ ለውጥ የለውም።

«የአውሮፓ ፓርላማ ስለ ኢትዮጵያ ውሳኔ አሳለፈ» የሚለው ዜናም በአብዛኛው የሚመጣው ከዚችው ከተማ ነው። ባሕር ላይ ተይዘው ወደ ሊቢያ የተመለሱ ስደተኞች ጣሊያንን ከስሰው የረቱትም እዚችው ከተማ ውስጥ ነው።

ሦስቱን ነገሮች የሚሠሩት ግን ሦስት የተለያዩ ተቋማት ናቸው። እኛ ሁሉንም «አውሮፓ» ብለን እንጠራቸዋለን። በዚህ የተነሳ ጉልበት የሌለው ዜና ላይ ስንጨቃጨቅ እንውላለን፣ በቀጥታ የሚነካን ነገር ደግሞ ሳናየው ያልፋል። ስለዚህ ዛሬ ሕንፃዎቹን አንድ በአንድ እንለያቸው። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ ናቸው።)

ለምን ስትራስቡርግ?

ከተማዋ ፈረንሳይንና ጀርመንን በሚለየው የራይን ወንዝ ዳር ናት። በ1871 ጀርመን ወሰደቻት። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰች። በ1940 የናዚ ጀርመን ያዛት፣ በ1944 ነጻ ወጣች። በ1865 አካባቢ እዚያ የተወለደ ሰው ዕድሜ ከሰጠው፣ ከሰፈሩ ሳይወጣ አራት ጊዜ አገር ተቀይሮበታል ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ፣ ሁለቱ አገሮች ሲጣሉባት የኖረችው ከተማ የዕርቅ ምልክት ትሁን ተባለ። በ1949 የአውሮፓ ምክር ቤት የሚባለው ድርጅት ተመሥርቶ መቀመጫው እዚያ ሆነ።

አንደኛው ግራ መጋባት፦ የአውሮፓ ምክር ቤት የአውሮፓ ህብረት አይደለም

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይስታል፣ ጋዜጠኞችም ጭምር። የአውሮፓ ህብረት 27 አባል አገሮች አሉት። የአውሮፓ ምክር ቤት ግን 46። ቱርክ አለችበት፣ ዩክሬን አለችበት፣ እንግሊዝም ከህብረቱ ብትወጣም ከዚህ አልወጣችም። ሩሲያ ነበረችበት፤ ዩክሬንን ከወረረች በኋላ በመጋቢት 2022 ተባረረች።

ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ባንዲራው ነው። ሰማያዊው ባለ 12 ኮከብ ባንዲራ መጀመሪያ የአውሮፓ ምክር ቤት ነበር፣ በ1955 ነው የመረጠው። ህብረቱ ሠላሳ ዓመት ቆይቶ ያንኑ ወሰደ። ስለዚህ ስትራስቡርግ ውስጥ ባንዲራውን አይቶ ብቻ የማን ቤት እንደሆነ መለየት አይቻልም።

ለአዲስ አበባ ልጅ ይሄ አዲስ ነገር አይደለም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ አዳራሹ ግን ያለው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ ነው። ዛሬም ኢሲኤን ከአፍሪካ ህብረት ጋር የሚያምታታ ሞልቷል።

ፍርድ ቤቱ፦ ፓስፖርት የማይጠይቀው በር

በአውሮፓ ምክር ቤት ሥር ያለው ትልቁ ተቋም የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ነው። ከእያንዳንዱ አባል አገር አንድ፣ በጠቅላላው 46 ዳኞች ይሰየሙበታል። አንድ ዳኛ የሚያገለግለው ለዘጠኝ ዓመት ነው፣ ድጋሚ አይመረጥም። ፍርዱ የተከሰሰውን አገር ያስገድዳል።

ለእኛ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው፦ ፍርድ ቤቱ የሚጠብቀው የአውሮፓ ዜጎችን ብቻ አይደለም። ስምምነቱ የሚለው በአባል አገር ሥልጣን ሥር ያለ «ማንኛውም ሰው» ነው። ኢትዮጵያዊም ሁን ሶማሌያዊ፣ መኖሪያ ፈቃድ ይኑርህ አይኑርህ።

በግንቦት 2009 የጣሊያን መርከቦች ከላምፔዱዛ ደሴት በስተደቡብ ሁለት መቶ ያህል ሰዎችን ባሕር ላይ ያዙ። ማን እንደሆኑ ሳይጠይቁ፣ ጥገኝነት የመጠየቅ ዕድል ሳይሰጡ ትሪፖሊ ወስደው አስረከቧቸው። ከመካከላቸው 24ቱ፣ 13 ኤርትራውያንና 11 ሶማሌያውያን፣ ጣሊያንን ከሰሱ። በየካቲት 2012 ፍርድ ቤቱ በሙሉ ድምፅ ፈረደላቸው። ለእያንዳንዳቸው 15,000 ዩሮ እንዲከፈል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የአውሮፓ አገር በራሱ መርከብ ሰዎችን ይዞ ወደ ሊቢያ መመለሱ በግልጽ ሕገወጥ ሆነ።

ሌላም እናስታውስ። ሰኔ 2022 እንግሊዝ ጥገኝነት ጠያቂዎችን ወደ ሩዋንዳ ልትልክ አውሮፕላን ካዘጋጀች በኋላ፣ ሊነሳ ትንሽ ሲቀረው የቆመው ይሄ ፍርድ ቤት ባወጣው ጊዜያዊ እግድ የተነሳ ነው። እንግሊዝ ያኔ ከአውሮፓ ህብረት ወጥታለች፤ እግዱ የደረሰባት የምክር ቤቱ አባል ስለሆነች ነው።

ግን ተረት አናድርገው። አንደኛ፣ እዚህ የሚከሰሱት 46ቱ አገሮች ብቻ ናቸው፤ የኢትዮጵያን መንግሥት ስትራስቡርግ መክሰስ አይቻልም። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ በአገሩ ያሉ ፍርድ ቤቶችን እስከ መጨረሻው መጨረስ ግድ ነው። ከመጨረሻው ውሳኔ በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ አራት ወር ብቻ ነው። ሦስተኛ፣ ከሚቀርቡት አቤቱታዎች አብዛኞቹ ገና ከበሩ ውድቅ ይደረጋሉ።

አራተኛው ከሁሉም ይከብዳል። መንግሥታት ከ2012 ፍርድ ትምህርት ወሰዱ። ስደተኛውን በራሳቸው መርከብ መመለስ ካልቻሉ፣ የሊቢያ የባሕር ጠባቂዎች እንዲይዙት ማሠልጠንና ጀልባ መስጠት ጀመሩ። በኅዳር 2017 በዚህ መንገድ ስለተፈጸመ አደጋ በጣሊያን ላይ የቀረበ ክስ፣ በ2025 «ቦታው በጣሊያን ሥልጣን ሥር አልነበረም» ተብሎ ተቀባይነት አላገኘም። ያው ባሕር፣ ያው መንገድ፣ ሌላ መርከብ። ውጤቱ ተለየ።

ፓርላማው፦ ጩኸቱ አንድ ቦታ፣ ጉልበቱ ሌላ ቦታ

ከፍርድ ቤቱ በእግር የሚደረስበት ትልቁ ክብ የመስታወት ሕንፃ የአውሮፓ ፓርላማ ነው። ይሄኛው የአውሮፓ ህብረት ነው። 720 አባላት አሉት፣ በ27ቱ አገሮች ሕዝብ በቀጥታ ይመረጣሉ።

የሚገርመው አሠራሩ ነው። በህብረቱ ውል መሠረት በዓመት 12 መደበኛ ጉባኤዎች ስትራስቡርግ ይካሄዳሉ፣ የኮሚቴ ሥራው ብራሰልስ፣ የጽሕፈት ቤቱ መቀመጫ ደግሞ ሉክሰምበርግ። ለእያንዳንዱ ጉባኤ አባላቱና ሠራተኞቹ ከብራሰልስ ይመጣሉ፣ ሰነዳቸው በመኪና ተጭኖ ይከተላል፣ ለአራት ቀን ይሰበሰቡና ይመለሳሉ። የህብረቱ ኦዲተሮች በ2014 እንዳሰሉት፣ ሁሉም ነገር ወደ ብራሰልስ ቢጠቃለል በዓመት 114 ሚሊዮን ዩሮ ይተርፋል። አይሆንም፤ ውሉ የሚቀየረው በሁሉም አገሮች ስምምነት ነው፣ ፈረንሳይ ደግሞ አትስማማም።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በጥቅምት 2021 ፓርላማው ስለ ትግራይ ሰብዓዊ ሁኔታ የውሳኔ ሐሳብ አጸደቀ። ማዕቀብና የጦር መሣሪያ ሽያጭ እገዳን የሚጠይቅ ነበር። ያን ጊዜ የነበረውን የፌስቡክ ጦርነት ታስታውሳላችሁ። ግማሹ «አውሮፓ ቀጣን» አለ፣ ግማሹ «አውሮፓ ከጎናችን ቆመች» አለ። እውነቱ ግን ሁለቱም አልነበረም። የፓርላማ የውሳኔ ሐሳብ አቋም መግለጫ ነው፣ ማንንም አያስገድድም። ማዕቀብ የሚጥለው የአባል አገሮቹ ሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፣ እሱም በሙሉ ስምምነት።

በሚያዝያ 2024 ደግሞ የሚያስገድደው መጣ። የሚኒስትሮቹ ምክር ቤት በኢትዮጵያውያን ላይ የቪዛ ገደብ ጣለ። ምክንያቱ ተብሎ የቀረበው፣ አውሮፓ ውስጥ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎችን በመመለስ ረገድ መንግሥት በበቂ አልተባበረም የሚል ነው። የቪዛ መልስ መጠበቂያው ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ፣ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ መስጠት ቆመ። ይሄን ያደረገው ስትራስቡርግ ያለው ፓርላማ አይደለም።

እንዲህ ሲባል ፓርላማው ወሬ ብቻ ነው ማለት አይደለም። ስለ ውጭ አገር ሲናገር ቃሉ ምክር ነው። የራሱን የህብረቱን ሕግ ሲያወጣ ግን ከሚኒስትሮቹ ምክር ቤት ጋር እኩል ድምፅ አለው። በ2024 የጸደቀው አዲሱ የስደተኞች ሕግ በእሱ እጅ ነው ያለፈው። እኛ የጮህነው በማያስገድደው ላይ ነው፣ የሚያስገድደው በጸጥታ አለፈ።

ያ ሕግ ምን እንደሚቀይር ለማየት ወደ አሻራው እንመለስ።

ማንም ፎቶ የማያነሳው ሕንፃ

ፓርላማውና ፍርድ ቤቱ ያሉት በከተማዋ ሰሜን በኩል ነው፣ ቱሪስት አይጠፋቸውም። በደቡብ በኩል ግን የታጠረ፣ ጥበቃ ያለበት ግቢ አለ። ኢዩ-ሊሳ የሚባለው የህብረቱ ኤጀንሲ የቴክኒክ ማዕከል ነው። የኤጀንሲው ዋና መሥሪያ ቤት ኢስቶኒያ ቢሆንም ዋናዎቹ ኮምፒውተሮች እዚህ ናቸው፣ መጠባበቂያው ኦስትሪያ።

ሁለት ሥርዓቶቹ በቀጥታ ይመለከቱናል።

አንደኛው የቪዛ መረጃ ሥርዓት ነው። የሸንገን ቪዛ ያመለከተ ሁሉ ፎቶውና አሥር አሻራው እዚህ ይገባል፣ እስከ አምስት ዓመት ይቆያል። የተከለከለም ይመዘገባል፣ ከነምክንያቱ። አንዱ ኤምባሲ ከልክሎህ ሌላው ጋ ስትሄድ «እነዚህ አያውቁም» ብለህ ከሆነ ያውቃሉ። ስለዚህ «ተከልክለው ያውቃሉ?» ለሚለው ጥያቄ ውሸት የሚያስሞሉ ደላሎችን አትስሙ።

ሁለተኛው ዩሮዳክ ነው። አውሮፓ ያሉ ልጆቻችን «አሻራ አለበት» ሲሉ ስለዚህ ነው የሚያወሩት። ጣሊያን ወይም ግሪክ ሲገባ አሻራ የሰጠ ሰው፣ ጀርመን ደርሶ ጥገኝነት ሲጠይቅ ማሽኑ በቅጽበት ይናገራል። ከዛ «ዱብሊን» ይመጣል፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው አገር የመመለስ ጣጣ። የጥገኝነት ጠያቂ አሻራ ለአሥር ዓመት ይቀመጣል። እስካሁን አሻራ የሚወሰደው ከ14 ዓመት ጀምሮ ነበር። አዲሱ ሕግ ከጁን 12 ቀን 2026 ጀምሮ ዕድሜውን ወደ 6 ያወርደዋል፣ የፊት ምስልም ይጨመራል። የስድስት ዓመት ልጅ፣ አንደኛ ክፍል ማለት ነው።

እንባ ጠባቂውስ?

እዚያው ስትራስቡርግ የህብረቱ እንባ ጠባቂም አለ። የህብረቱ ተቋማት በደል ሲፈጽሙ አቤቱታ ይቀበላል። በህብረቱ አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ዜጋ ባይሆንም ማመልከት ይችላል። በ2023 ግሪክ አጠገብ አድሪያና የተባለችው ጀልባ ሰጥማ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ካለቁ በኋላ የድንበር ኤጀንሲው ፍሮንቴክስ ምን እንዳደረገና ምን እንዳላደረገ መርምሯል። ግን የሚያወጣው ምክረ ሐሳብ እንጂ ፍርድ አይደለም።

አሁን ምን እየሆነ ነው?

በግንቦት 2025 ጣሊያንና ዴንማርክ የመሩት የዘጠኝ አገር መሪዎች ግልጽ ደብዳቤ አወጡ። የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤቱ ስምምነቱን አስፍቶ እየተረጎመ፣ ወንጀል የሠሩ የውጭ ዜጎችን እንዳናባርር አስሮናል የሚል ነው። የአውሮፓ ምክር ቤት ዋና ጸሐፊ አላን ቤርሴ ፍርድ ቤቱን የፖለቲካ መሣሪያ ማድረግ አይገባም ብለው መለሱ። ክርክሩ አላበቃም።

እነዚህን ነገሮች አንድ ላይ ስናያቸው ነው ሥዕሉ የሚወጣው። በአንድ ከተማ ውስጥ በደቡብ በኩል አሻራ የሚይዘው ማዕከል በየዓመቱ እየሰፋ ነው። በሰሜን በኩል የአሻራውን ባለቤት «ሰው ነው» የሚለው ፍርድ ቤት ደግሞ ክንዱን እንዲያሳጥር ግፊት እየተደረገበት ነው። ዜና የሚሆነው ግን መሃል ላይ ያለው ፓርላማ ስለ እኛ የሚያወጣው መግለጫ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ «ሰበር ዜና፦ አውሮፓ ወሰነች» የሚል ስታዩ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የወሰነው የህብረቱ ነው ወይስ የ46ቱ? የወጣው ሕግ ነው፣ ፍርድ ነው ወይስ መግለጫ? ማንን ያስገድዳል? ሦስቱንም የማይመልስ ፖስት ከሆነ፣ እለፉት።

የሸንገን ቪዛ ተከልክላችሁ ከሆነ ደግሞ፣ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉት። ይግባኝ የት እና እስከ መቼ እንደሚባል እዚያው ላይ ተጽፏል። ስለ እናንተ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስህተት ካለ የማስታረም መብትም አላችሁ፣ ባመለከታችሁበት አገር በኩል። አሻራው የእናንተ ነው፤ ስትራስቡርግ የተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው።

አሻራ ወይም ዱብሊን ያጋጠመው ሰው የምታውቁ ካላችሁ ይሄን አድርሱለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉ፣ የምንችለውን እንመልሳለን።