የሥራ አስኪያጅ መለዋወጥና የያሁ ዕጣ

አንድ ትልቅ ኩባንያ ገበያው ሲቀዘቅዝበትና የአክሲዮኑ ዋጋ ሲወርድበት፣ ባለአክሲዮኖች አስቀድመው የሚጠይቁት የዋናውን ሥራ አስኪያጅ መነሣት ነው። የዳይሬክተሮች ቦርድም ይህን ጥያቄ መቀበል አይከብደውም። አንዱን ሰው አውርዶ ሌላውን መተካት በጥቂት ስብሰባ የሚፈጸም ጉዳይ ሲሆን፣ ኩባንያው የትኛውን ሥራ ይዞ የትኛውን እንደሚተው መወሰን ግን ብዙ ክርክርና ብዙ ኪሳራ የሚጠይቅ ነው። ቀላሉን በከባዱ ቦታ መተካት ምን እንደሚያስከትል ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ያሁ የተባለውን የአሜሪካ የኢንተርኔት ኩባንያ ታሪክ ቢመለከት ይበቃዋል።

ያሁ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1994 በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጄሪ ያንግና ዴቪድ ፋይሎ የተባሉ ሁለት የምህንድስና ተማሪዎች በኢንተርኔት ላይ ያገኟቸውን ገጾች፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ መጻሕፍትን እንደሚለይ፣ በየፈርጃቸው እየለዩ በዝርዝር ማስፈር ጀመሩ። ገጾቹ ገና ጥቂት ስለ ነበሩ ዝርዝሩ እጅግ ተወደደ። ኩባንያው በ1996 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጠ፤ በ2000 መጀመሪያ ላይም ጠቅላላ የገበያ ዋጋው ከ100 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆነ።

ይሁን እንጂ ገጾቹ እየበዙ በሄዱ መጠን የሰው እጅ ሊደርስባቸው አልቻለም፤ ፍለጋም በኮምፒዩተር ስሌት የሚከናወን ሥራ ሆነ። ያሁ ይህን የራሱ ዋና ሙያ አድርጎ በመያዝ ፈንታ፣ በዚያው በ2000 ገና ትንሽ ከነበረው ከጉግል ጋር ተዋውሎ የፍለጋውን ውጤት ከእርሱ መውሰድ ጀመረ። ውሉ ለጊዜው ያሁን ከድካም አሳረፈው፤ ጉግልን ግን ከያሁ ደንበኞች ጋር አስተዋወቀው።

በ2001 ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆነው የተሾሙት ቴሪ ሴሜል ከዋርነር ብራዘርስ የፊልም ኩባንያ የመጡ ሰው ነበሩ። በእርሳቸው ዘመን የማስታወቂያው ገቢ በእጅጉ ማደጉን መካድ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ነገር ግን ያሁ በአንድ በኩል ዜናና መዝናኛ አቅራቢ ለመሆን ሲጣጣር፣ በሌላ በኩል በ2003 ኢንክቶሚና ኦቨርቹር የተባሉ ኩባንያዎችን ገዝቶ ጉግልን በፍለጋ ሊወዳደር ተነሣ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስላል። ችግሩ ከውስጥ ሰዎች የተሰወረ አልነበረም። በ2006 ብራድ ጋርሊንግሃውስ የተባሉ ከፍተኛ ኃላፊ ጽፈውት በኋላ በጋዜጣ የወጣ ማስታወሻ፣ ኩባንያው ገንዘቡንና ጉልበቱን በዳቦ ላይ እንደሚቀባ የለውዝ ቅቤ በሁሉም ሥራ ላይ አሳስቶ ማዳረሱን አጥብቆ ነቅፏል። ማስታወሻው ይጠይቅ የነበረው ኩባንያው ምን እንደሚተው እንዲወስን ነው። ቦርዱ ግን ሰውን መለወጥ ቀጠለ።

ሴሜል በ2007 ሲወርዱ መሥራቹ ጄሪ ያንግ ተተኩ። በየካቲት 2008 ማይክሮሶፍት ያሁን በ44.6 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ጠየቀ፤ ያንግና ቦርዱ ዋጋው ያንሳል ብለው እምቢ አሉ። እምቢ ማለት በራሱ ጥፋት አይደለም። ሆኖም እምቢ የሚል ሰው ምን ሊሠራበት እንዳሰበ አስቀድሞ ማወቅ አለበት፤ ያሁ ግን ይህን አላወቀም ነበር። ከያንግ በኋላ በ2009 የመጡት ካሮል ባርትዝ የፍለጋውን ሥራ በውል ለዚያው ለማይክሮሶፍት አሳልፈው ሰጡ። እርሳቸውም በ2011 መሰናበታቸው በስልክ ተነገራቸው። በ2012 የተሾሙት ስኮት ቶምሰን ደግሞ በሕይወት ታሪካቸው ላይ የሌላቸው የኮምፒዩተር ሳይንስ ዲግሪ ተመዝግቦ በመገኘቱ ጥቂት ወራት ብቻ ቆይተው ለቀቁ። የሥራ አስኪያጅነት ማዕረግ በችኮላ ሲታደል የተሿሚውን ማስረጃ እንኳ የሚመረምር እንደሚጠፋ ይህ አንዱ ምልክት ነው። ሴሜል ከወረዱ ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ፣ ጊዜያዊዎቹን ጨምሮ፣ ስድስት ሰዎች በዚያ ወንበር ተቀምጠዋል።

ስድስተኛዋ ከጉግል የመጡት ማሪሳ ማየር ናቸው። ብዙዎች የኩባንያው አዳኝ አድርገው ተቀበሏቸው። በ2013 ተምብለር የተባለውን ድርጅት በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ገዙ፤ ከሦስት ዓመት በኋላ ከዚህ ውስጥ ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ የሚሆነው በኪሳራ ተመዘገበ።

ዘመኑ ራሱ ጥሎት ስለ ሄደ ያሁን ማንም መሪ ሊያድነው አይችልም ነበር የሚሉ አሉ። ይህ አስተሳሰብ በከፊል እውነት ቢኖረውም በማይክሮሶፍት ታሪክ ይፈተናል። ማይክሮሶፍትም በፍለጋ በጉግል ተበልጦ፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ ደግሞ ከናካቴው ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። በ2014 የተሾሙት ሳትያ ናዴላ ከ1992 ጀምሮ በዚያው ኩባንያ የሠሩ ናቸው። በ2015 ከኖኪያ የተገዛውን የስልክ ሥራ 7.6 ቢሊዮን ዶላር ያህል በኪሳራ መዝግበው፣ የኩባንያውን አቅም ኮምፒዩተርን በኢንተርኔት በኩል ለሌሎች ድርጅቶች ወደ ማከራየት አዞሩ። እርግጥ ነው፣ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስን የመሰለ የማይነጥፍ የገቢ ምንጭ ስለ ነበረው ሁለቱ ኩባንያዎች በእኩል ሚዛን አይቀመጡም። ልዩነቱ ግን በሀብት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ አንደኛው የሚጥለውን ሥራ ለይቶ ሲጥል፣ ሌላው የጣለው ሥራ አስኪያጆቹን ነበር።

ቬራይዘን በ2017 የያሁን የኢንተርኔት ሥራ የገዛው በ4.48 ቢሊዮን ዶላር ነው። ዋጋው 350 ሚሊዮን ዶላር የተቀነሰው በ2013 እና በ2014 የደንበኞች መረጃ መሰረቁ ከታወቀ በኋላ ነበር። ከሽያጩ ውጭ የቀረው ትልቁ ሀብት የቻይናው የአሊባባ ኩባንያ አክሲዮን ነው። ይህም ያሁ በ2005 አንድ ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ፣ የቻይናውንም ቅርንጫፉን ጨምሮ ያገኘው ድርሻ ሲሆን፣ ከፊሉ አስቀድሞ ከተሸጠ በኋላ እንኳ የቀረው ከያሁ ከራሱ ሥራ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የአሊባባን ግዢ በዋነኛነት ያመቻቹት እነዚያው በ2009 ከወንበራቸው የተነሡት ጄሪ ያንግ ናቸው።