ባቡሩ ሳይመጣ ሰዓቱ ይምጣ

በትምህርት ቤታችን ጠዋት ጠዋት ከሰላምታ ቀጥሎ የሚወራው ስለ ሃፍላ ነው። ከባህሪ የሚመጣውም፣ ከኦምዱርማን የሚመጣውም፣ ከጀሬፍ የሚመጣውም የራሱ ታሪክ አለው። ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከብዙዎቻችን አፍ የወጣው አንድ ምኞት ነበር፤ ካርቱም የከተማ ባቡር ቢኖራት! ምኞቱ የእኛም ነው። ነገር ግን ለተማሪ ከሐዲድ ይልቅ የጎደለው የታወቀ ሰዓትና የተገናኘ ጉዞ ነው እንላለን።

ሐዲዱማ አለ። ባቡር ባህሪ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1899 መጨረሻ ነው። በኋላም በጥቁር ዓባይ ላይ በተሠራው ድልድይ ወደ ካርቱም ገብቶ ወደ ደቡብ፣ ወደ ወድ መደኒ ቀጥሏል። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ የዓባይ ባቡር የሚባለው ዘመናዊ ባቡር ወደ አትባራ መንገደኛ ማመላለስ ጀምሮ ነበር። እኛ ግን ሐዲዱን እንሻገረዋለን እንጂ ወደ ትምህርት ቤት አንሳፈርበትም።

ባቡር መኖሩ ብቻውን እንደማይበቃ ከአዲስ አበባ መማር ይቻላል። ቀላል ባቡሩ መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለእረፍት አገር ቤት የሄድን ሁሉ ለመሳፈር ቸኩለን ነበር። ዋጋው ያኔ እንደ ርቀቱ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር፤ ለድሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ የሚዘረጉት ሁለቱ መስመሮች ከስታዲየም እስከ ልደታ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ስለዚህ እዚያ መሐል አንዱ ቢቆም ሌላውም ይጠብቃል። የባቡሩ ቲኬት ደግሞ ከባቡሩ ሲወርዱ ያበቃል፤ ከዚያ ለታክሲው ወይም ለአንበሳ አውቶቡስ እንደገና መክፈል ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው የጅቡቲ ባቡርማ ጣቢያው ለቡ ስለሆነ፣ መሐል ከተማ ለሚኖር ሰው ጉዞው የሚጀምረው ገና ባቡሩን ሳያይ ነው። አሮጌው ለገሃር እኮ ከተማው እምብርት ላይ ነበር!

ወደ ካርቱም እንመለስ። ሃፍላን ብቻ መውቀስ አግባብ አይደለም። ርካሽ ነው፣ የማይደርስበት ሰፈር የለም። ኩምሳሪው ጣቱን ሲያጮህ ከኋላ ወንበር የተላከ ገንዘብ በማያውቁት ሰዎች እጅ አልፎ መልሱ ሳይጎድል ይመለሳል፤ ይህን መተማመን በየትኛውም ከተማ አናገኘውም። ችግሩ ሃፍላ የሚነሣው ሰዓት ሲደርስ ሳይሆን ሲሞላ መሆኑ ነው። ከባህሪ የሚመጣ ተማሪ ጃክሰን ወይም እስታድ ሞገፍ ወርዶ ሌላ ሃፍላ ይይዛል። ያም እስኪሞላ ይጠብቃል፤ ያንንም ይከፍላል። ሦስት ልጅ ያላት እናት ታስላው፤ በቀን ለአንድ ልጅ አራት ጊዜ፣ ለሦስቱ አሥራ ሁለት ጊዜ ይከፈላል። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ችለው የመንገዱን ባለመቻላቸው ትንሹን ልጃቸውን አንድ ዓመት ቤት ያቆዩ ወላጆች በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የማርፈድ ብቻ አይደለም።

ሰዓቱም ራሱ በ2010 ዓ.ም. አስቸግሮን ነበር። ጥቅምት 22 ቀን ሱዳን ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለሰች፤ እስከዚያ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነበርን። በቤታችን አንዱ በሐበሻ ሰዓት፣ አንዱ በፈረንጅ ሰዓት ይቆጥራል፤ በዚያ ላይ ይህ ሲጨመር «በስንት ሰዓት እንገናኝ?» የሚለው ጥያቄ የሒሳብ ፈተና ሆኖ ከረመ።

መምህራኖቻችን በር የሚዘጋው ሥነ ሥርዓት ለማስከበር ነው ይላሉ። አንቃወምም፤ ጀበና ቡና አጠገብ ተቀምጦ የሚያረፍድ ተማሪ እንዳለ እናውቃለን። ነገር ግን ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ወጥቶ ሞገፍ ላይ የቆመው ልጅ ከእርሱ ጋር እኩል ሲቀጣ ልክ አይመስለንም። ሁለቱን ለመለየት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ተማሪው በየት በኩል እንደሚመጣ ማወቅ አለበት።

የከተማ ባቡር መዘርጋት የመንግሥት ሥራ ነው፤ እኛ ልናዘው አንችልም። በእጃችን ያለው ግን ትንሽ አይደለም። በአንድ አቅጣጫ የሚመጡ ተማሪዎች ሞገፍ ላይ በተወሰነ ሰዓት ተገናኝተው፣ ታላላቆቹ ታናናሾቹን ይዘው አብረው ይምጡ። ስምንት አሥር ልጆች ከተገኙ ወላጆች ተዋጥተው አምጃድ በወር ኮንትራት ይያዙ፤ ሁለት ሃፍላ ከመቀያየር ሊረክስ ይችላል፣ ለሴቶች ልጆችም ማታ ከራክሻ ይሻላል። ብዙ ልጅ ላላቸው ቤተሰቦች ኮሚኒቲው ድርሻቸውን ቢደግፍ መልካም ነው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜም ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ ከባህሪና ከኦምዱርማን የሚመጡት ይደርሱበታል።

ለዚህ ሁሉ መነሻ የሚሆነው ወረቀት በጽሕፈት ቤቱ አለ። ለሚመጣው ዓመት ምዝገባ ሲጀመር በቅጹ ላይ ሁለት መስመር ይጨመርልን፦ ተማሪው ከየትኛው ሰፈር ይነሣል? የትኛው ሞገፍ ላይ ይቀይራል?