የኪራይ ጨዋታ

ስለ ቪዲዮ ጨዋታ መጪ ዘመን የሚተነብዩ ሰዎች አብዝተው የሚነግሩን ስለ ሥዕሉ ውበት ነው። የሜዳው ሣር አንድ በአንድ ይቆጠራል፣ የተጫዋቹ ላብ ሲንጠባጠብ ይታያል ይሉናል። ይሆን ይሆናል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፦ ጨዋታው የማን ይሆናል?

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩን በሒሳብ ደብተር ዓይን ባየው አይፈረድብኝ። አንድ ደንበኛ ደብተራቸውን ይዘው ወደ መስኮቴ ቢመጡና «ገንዘቡ የእርስዎ አይደለም፤ እንዲጠቀሙበት ፈቅደንልዎት ነበር፤ ፈቃዱም ዛሬ አበቃ» ብላቸው ምን ይሉኛል? በጨዋታው ዓለም ግን ይህ ሆኗል። የፈረንሳዩ ኩባንያ ዩቢሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 «ዘ ክሪው» የተሰኘ የመኪና እሽቅድድም ጨዋታ ለገበያ አቀረበ። በ2024 ሰርቨሩን ሲዘጋ፣ ዋጋውን ከፍለው የገዙት ሰዎች ዲስኩ እጃቸው ላይ እያለ ጨዋታው ሞተባቸው። ጉግል በ2019 የጀመረውና ጨዋታን በኢንተርኔት ብቻ የሚያቀርበው «ስታዲያ»ም በ2023 መጀመሪያ ተዘግቷል። ጉግል ቢያንስ የገዢዎቹን ገንዘብ መልሷል።

እኛ በልጅነታችን ጨዋታ የምናውቀው በሰፈራችን ፕሌይስቴሽን ቤት ነበር። ሳንቲማችንን ጨብጠን ተራ እንጠብቃለን፤ የተሸነፈ ይነሣል፣ ያሸነፈ ይቀጥላል። ሁላችንም ተከራዮች ነበርን። ዲስኩ ግን የባለቤቱ ነበር። ቢቧጨር በሸሚዙ ጫፍ ጠርጎ ይመልሰዋል፤ ቢሰለቸው ይሸጠዋል፣ ያውሰዋል። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ግድ አልነበረውም። በአንዲት ዲስክ አንድ ቤተሰብ ይተዳደር፣ አንድ ሰፈር ይጫወት ነበር።

እነሆ የእኔ ትንቢት፦ ይህች ዲስክ ትጠፋለች። ሶኒ በ2024 ያወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ለብቻው ካልተገዛለት በቀር የዲስክ ማጫወቻ የለውም። ነገ ጨዋታው ከሩቅ አገር ሰርቨር በመስመር ይፈስሳል፤ መስመሩ የተቋረጠ ዕለት የሰፈሩ ልጅ ባዶ መስኮት ላይ ያፈጥጣል።

ኪራይ በራሱ ነውር ነው አልልም። በጥቂት ወርኃዊ ክፍያ ብዙ ጨዋታ ማግኘት ኪሱ ለሳሳ ወጣት በረከት ነው። ነገር ግን ኪራይ ኪራይ ተብሎ ይጠራ! የካሊፎርኒያ ግዛት ከ2025 ጀምሮ ሻጮች በኢንተርኔት የሚሸጡት ንብረቱን ሳይሆን ፈቃዱን ከሆነ በግልጽ እንዲናገሩ በሕግ አስገድዳለች። በአውሮፓም በዚያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎች፣ የተሸጠ ጨዋታ ኩባንያው ሲተወው እንዳይሞት የሚጠይቅ ፊርማ አኑረዋል። እኔም ከእነርሱ ጋር ነኝ። ሱቁን የሚዘጋ ሰው የሸጠውን ዕቃ ከገዢው ቤት ገብቶ አይሰብርም፤ ጨዋታው ያለ ሰርቨር በራሱ የሚሠራበትን መንገድ ትቶ ይሂድ።

ገበጣን ማን እንደ ፈጠረው አናውቅም። ፈጣሪው ቢሞትም ጨዋታው አልሞተም፤ መሬትና ጠጠር እስካለ ድረስ የሚዘጋው የለምና።

ጠጠሩ ቢጠፋ ሌላ ጠጠር አለ፣
ጉድጓዱ ቢደፈን ምድር መች ጎደለ፤
ቁልፉ በባዕድ እጅ ተይዞ ከዋለ፣
ጨዋታው ይሞታል ገና ልጅ እያለ።